ዋጋው በውስጥ መስመር

በጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ቡና መፈላቱን ለጎረቤት የሚያበስረው ጭሱ ነበር። ምጣድ ላይ ያለው ቡና ሲንጣጣ ጭሱ አጥር ዘልሎ ይወጣል፤ ከጭሱ ኋላ አንድ ልጅ ይላካል፤ ልጁም ደጅ ቆሞ እንደየቤቱ ቋንቋ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል!» ወይም «ኮታ፣ ቡና ዱጋ!» ይላል። ይህ ልጅ ዛሬ ከሥራው ተሰናብቷል። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ሲኒው ተደርድሮ ሲያበቃ የሚላከው ፎቶው ነው። ዋሽንግተን ያለችው የአክስት ልጅ ፎቶውን አይታ «ኧረ አስጎመጃችሁኝ!» ትልና ቀይ ልብ ትደረድራለች። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤት ግን ቡናውን ያየው እሱም በስልኩ ስለሆነ «እኔን ያልጠሩኝ ምን አድርጌ ነው?» እያለ ሲያሰላ ያመሻል።

በቡናው ሥርዓት ላይም አዲስ አንቀጽ ተጨምሯል። ድሮ አቦል ሲቀዳ የሚሰማው ምርቃት ነበር፤ አሁን «ቆይ፣ እንዳትነኩት!» የሚባል ነገር መጥቷል። የቤቱ ልጅ ወንበር ላይ ወጥታ ረከቦቱን ከላይ ታነሳዋለች፤ ወርዳ ከጎን ታነሳዋለች፤ ጀበናው ከፍ ተደርጎ እንዲቀዳ ታዛለች፤ አቀዳዱ ስላላማረባት ሲኒው ተገልብጦ እንደገና ይቀዳል። ጎረቤታችን ሐጂ በዚህ ሁሉ መሀል እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀና «ልጄ፣ ይህ ቡና የተፈላው ለእኛ ነው ለስልኩ?» ቢሏት፣ «ለሁለታችሁም ነው ሐጂ፤ ቅድሚያ ግን ለስልኩ» አለቻቸው። የቀዘቀዘውን አቦል ዝም ብለው ጠጡ። ከዚያ ወዲህ ቡና ሲጠሩ የሚመልሱት አንድ ነው፤ «ፎቶው ሲያልቅ ጥሩኝ።»

መንደሩ የራሱ የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ቴሌግራምን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የጀመሩት ወንድማማቾች፣ ፓቬልና ኒኮላይ ዱሮቭ፣ የጅማን መሀል አቋርጦ የሚያልፈውን የአወቱን ወንዝ አያውቁትም፤ የሠሩት ነገር ግን የአወቱን ዳር ሰው ጠባይ ያጠኑ ያስመስላቸዋል። ውሃ ሲጠፋ፣ በግ ሲጠፋ፣ ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ወደ ጓሮ ሲጠጋ፣ ሁሉም እዚያ ይወራል። መብራት የሄደ እንደሆነ «እናንተም ጋ ጠፋ?» የሚል ጥያቄ ከየቤቱ ይጎርፋል። ብቅ ብሎ የጎረቤትን መስኮት ማየት ይበቃ ነበር፤ ስልኩ ቻርጅ እያለው ግን ማን ይነሳል?

የእድሩ ጡሩምባ ነፊም ሥራው ቀሎለታል፤ ሞት ሳይቀር በግሩፕ ነው የሚነገረው። ችግሩ ኀዘን በጣት ሲገለጽ ጣት መሳቱ ነው። «አርፈዋል፤ ቀብራቸው 9 ሰዓት» ከሚል መልእክት ሥር አንዱ አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ ለጠፈ። ሌላው የሚያለቅሰውን ፊት ፈልጎ፣ ከሳቁ ብዛት የሚያለቅሰውን መረጠ። መነጽራቸውን ረስተው ነው ተብሎ በሽማግሌ ታለፈ። የእድሩ ሰብሳቢ ግን በማግሥቱ ደንብ አወጡ፤ ከሞት ማስታወቂያ ሥር «ነፍስ ይማር» እና «ኢና ሊላሂ» ብቻ ይጻፋል፤ ፊት መለጠፍ በ50 ብር ያስቀጣል። በእድራችን ታሪክ ማንም ሳይከራከር የጸደቀ ደንብ ይህ ብቻ ነው።

ሳቁም ቢሆን አመሉን ለውጧል። በርጫ ላይ ድሮ አንድ ቀልደኛ ይኖርና ሌላው እሱን ይሰማል፤ ቀልዱ ካላሳቀም ቀልደኛው ራሱ ይሳቅበታል። አሁን ሁሉም በየስልኩ አጎንብሶ፣ አንድ ሰው የላከውን ያንኑ ቪዲዮ ለየብቻው ያያል። ሳቁ በአንድ ላይ አይመጣም፤ እንደ ጥቅሉ ዓይነት ነው። ያልተገደበ ኢንተርኔት የገዛው ቀድሞ ይስቃል፤ የሳምንት ጥቅል ያለው ይከተላል፤ የቀን ጥቅሉ ሊያልቅ የተቃረበው ደግሞ ሌላው ጨርሶ ስለ ቡና ዋጋ ማውራት ሲጀምር ብቻውን በሳቅ ይፈነዳል። በጽሑፍ «ሃሃሃሃ ገደልከኝ» ብሎ የሚልከው ሰው ፊት ላይ ግን ፈገግታ የሚባል ነገር የለም። እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ንግዱ። የግሩፑ ሕግ «ማስታወቂያ ክልክል ነው» ይላል፤ ከዚህ ማሳሰቢያ ቀጥሎ የሚታየው ማስታወቂያ ነው። «ንጹሕ የጅማ ማር! ከጌራ ጫካ ዛሬ የተቆረጠ! ውስን ነው የቀረን! ዋጋ በውስጥ መስመር!» ፎቶው ላይ የማር ማሰሮው ይታያል፤ ከማሰሮው ኋላ በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል። አንዱ ክፉ ሰው «ጌራ በረዶ የጣለው መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሻጩ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው፣ ወንድሜ» ብሎ መለሰለትና ከዚያ በኋላ ጠያቂውን ከደንበኝነት ሰረዘው። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማም እንዲሁ ነው። አባቶቻችን የተቀመጡበት፣ እኛ እንቅፋት ሲመታን የምንራገምበት በርጩማ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ «ሀገርኛ ዲኮር» ይባልና ማንም እንዳይቀመጥበት አበባ ይቀመጥበታል። ዋጋውስ? በውስጥ መስመር።

እስቲ ይህን የውስጥ መስመር እንመልከተው። ጅማ የገበያ አገር ናት። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ላይ ይቆም የነበረው የሐሙስ ገበያ እስከ 30 ሺህ ሰው ይሰበስብ እንደነበር ተጽፏል። ያ ሁሉ ሰው የሚገበያየው አፍ ለአፍ ነበር። ሻጭ ዋጋ ይጠራል፤ ገዥ ራሱን ይይዛል፤ «አያ፣ ልትገድለኝ ነው?» ብሎ ጥቂት እርምጃ ይሄዳል፤ ሻጭ «ና እስቲ፣ ስንት ትላለህ?» ብሎ ይመልሰዋል። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ሰምቷልና ለአንዱ አርክሶ ለሌላው አስወድዶ መሸጥ ያሳፍራል። በውስጥ መስመር ግን ማን ይሰማል? ሻጩ ዋጋ ከመናገሩ በፊት የገዥውን ፎቶ ከፍቶ ያያል። ከመኪና ጎን ቆሞ የተነሳ ከሆነ ማሩ ይወደዳል። ዶርም ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ ሆኖ የተነሳ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ ትንሽ ይቀንስለታል። ከኋላው የውጭ አገር ሕንጻ የሚታይ እንደሆነማ ማሩ መድኃኒት ሆኖ ያርፈዋል። ይህን የተረዳ አንድ ጎረቤቴ ዕቃ ሊገዛ ሲል የራሱን ፎቶ አውርዶ የከሳች አህያ ይለጥፋል፤ ቅናሽ አገኘሁበት ይላል።

በባቢሌ የግመል ገበያም ሻጭና ገዥ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው፣ ጣት ለጣት እየተነካኩ በምስጢር ይደራደራሉ። ስለዚህ የተሸፈነ ዋጋ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ እዚያ ግመሉ ቆሞ ይታያል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የዘመኑ ማስታወቂያ ግን ማስታወቂያ መሆኑን ጭራሽ ስለማይናገር እንዴት ይከሰስ? አንዷ ቆንጆ ልጅ ቲክቶክ ላይ እያለቀሰች ትመጣለች። ምን ሆና ይሆን ብለን ጥቅላችንን እያቃጠልን እንሰማለን። ፊቷ ላይ ብጉር ወጥቶባት፣ ጓደኛ ሸሽቷት፣ ትምህርት ልታቆም ምንም አልቀራትም ነበር። ኀዘናችን ጫፍ ሲደርስ ከቦርሳዋ አንድ ሳሙና ታወጣለች። እንባው የሳሙናው መሆኑን የምናውቀው ጥቅላችን ሲያልቅ ነው።

የቀጥታ ሥርጭቱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጡና «ባትል» ይገጥማሉ። ዱላ የለም፤ ግጥም የለም፤ ውድድሩ ማን የበለጠ ስጦታ ያገኛል ነው። «ስክሪኑን ነካ ነካ አድርጉልኝ! የአንበሳ ያለህ!» ይባላል። በቲክቶክ ዋጋ ጽጌረዳ 1 ኮይን ነው፤ አንበሳ 29,999። ይህን ለሐጂ ብነግራቸው ብዙ አሰቡና «በእኛ ልጅነት አንበሳ በነጻ ነበር፤ ችግሩ እሱም እኛን በነጻ መብላቱ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። የዛሬው አንበሳ የሚበላው ዓረብ አገር ሰው ቤት ያደረች እህታችን የላከችውን ላብ ነው፤ ለማታውቀው ልጅ፣ ስሟ በሕዝብ ፊት አንዴ እንዲጠራላት ስትል የምትከፍለው።

ከሁሉም ግን የ2016 ክረምት አይረሳም። ሃምስተር ኮምባት የሚባል ጨዋታ ቴሌግራም ውስጥ ገባና የከተማው ጣት ሁሉ በአንድ ነገር ተጠመደ። ሥራው ቀላል ነው፤ የአይጥ ዘመድ የሆነች ፍጥረት ሥዕል ላይ ደጋግሞ መንካት። በነኩ ቁጥር ሳንቲም ይቆጠራል፤ ሳንቲሙም አንድ ቀን እውነተኛ ገንዘብ ይሆናል ተባለ። ባለ ባጃጁ ወረፋው እስኪደርሰው ይነካል። ፀጉር ቆራጩ የደንበኛውን ጭንቅላት በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ይነካል። እናት ልጇን «ዛሬ ምን ሠርተህ ዋልክ?» ስትለው «ስነካ ዋልኩ» ይላታል፤ እሷም «ጎበዝ፣ አትስነፍ» ትለዋለች፤ የጎረቤት ልጅ እንዲህ ሲል ቤት ሊሠራ ነው ተብሎ ተወርቷልና። የጨዋታው ባለቤቶች ከ200 ሚሊዮን በላይ ተጫዋች አለን ይሉ ነበር። ቪዲዮአቸውን ላየ፣ ቻናላቸውን ለተቀላቀለ፣ ጓደኛ ለጋበዘ ተጨማሪ ሳንቲም ይሰጡታል። በግልጽ አማርኛ፣ ክረምቱን ሙሉ ያለ ደመወዝ አስተዋዋቂ ሆነን ከረምንላቸው ማለት ነው።

የክፍያው ቀን መስከረም 16 ቀን 2017 ዋለ፤ የደመራ ዕለት። ያ ሁሉ የተነካ ሳንቲም ተመንዝሮ የተሰጠው ዲጂታል ገንዘብ ጥቂት ሆነና፣ የአንዱም ዋጋ ከአሜሪካ 1 ሳንቲም ብዙም የማይርቅ ሆኖ ተገኘ። ለወራት ሲነካ የከረመ የሰፈራችን ጎረምሳ የደረሰው ብር ለአንድ ኪሎ ቡና አልበቃ አለው። ማታ ደመራው ሲለኮስ አብሮ የነደደው ነገር ብዙ ነበር። ልጁ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ዓይነት አይደለም፤ ችቦውን በቀኝ እጁ እንደያዘ በግራው ሌላ ጨዋታ ጀምሮ አየሁት።

ከዚያ በፊት በ2015 ደግሞ ማስታወቂያ ራሱ ግራ የተጋባበት ጊዜ ነበር። በየካቲት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘጉና አምስት ወር ገደማ እንደተዘጉ ቆዩ። ሰዉ ሁሉ ቪፒኤን ጫነ። ቪፒኤን ማለት ስልካችሁ የሌለበትን አገር ያለበት እንዲመስል የሚያደርግ መላ ነው፤ የእኛ ሰፈር አብዛኛው ሆላንድ ሄደ። አስተዋዋቂዎቹም አመኑን። አወቱ ዳር ተቀምጠን የአምስተርዳም ብስክሌት ቅናሽ፣ የክረምት ካፖርት፣ የበረዶ መንሸራተቻ ጉዞ ይጎርፍልን ጀመር። ለሐጂ አንድ ቀን የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ማስታወቂያ በደች ቋንቋ መጣላቸው። ሥዕሉን አይተው ገባቸው። ስልኩን አስቀምጠው በጣም ተገረሙ፤ «ጆሮዬ መክበዱን እናንተ ናችሁ ሆላንድ ድረስ ያወራችሁት?» አሉን።

የዋዛውን ያህል ቁም ነገሩም ብዙ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ሥራ ሲጀምር፣ ቆይቶም 929 ብሎ ደውሎ ዋጋ መስማት ሲቻል፣ ለአጋሮና ለሊሙ ገበሬ ትልቅ ነገር ነበር፤ ድሮ ዋጋውን የሚነግረው ሊገዛው የመጣው ደላላ ራሱ ነበራ። በ2017 ኒውዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ የአረቢካ ቡና፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ ከ4 ዶላር ሲያልፍ፣ ወሬውን በዚያው ቀን የሰማ ገበሬ ጥቂት አይደለም። ይህ ስልክ ያመጣው በረከት ነው፤ መካድ አይገባም። ግን በዚያው ስልክ፣ በዚያው ቀን፣ «ዋጋው ነገ ይወድቃል፤ ያላችሁን ጀንፈል ዛሬ ሽጡ» የምትል ባለቤት የሌላት መልእክት ትዞራለች። ማን ጻፋት? አይታወቅም። ማን ይጠቀምባታል? ይህማ ይታወቃል። ደላላው አልጠፋም፤ ፎቶውን አውርዶ ገባ እንጂ።

ባለቤት የሌለው ወሬ መዞሩን ደግሞ ስልክ አላመጣውም። የቡናን አገኛኘት ታሪክ ተመልከቱ። ፍየሎቹ ቡና በልተው ጨፈሩ፣ እረኛው ካልዲ አይቶ ተገረመ የሚለውን ሕጻን ሁሉ ያውቀዋል። ታሪኩን መጀመሪያ በጽሑፍ ያወጣው ፋውስቱስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ሊቅ ነው፤ በአውሮፓውያን 1671፣ ሮም ላይ። በእሱ ጽሑፍ ካልዲ የሚል ስም የለም፤ እረኛውም የግመል ወይም የፍየል ጠባቂ ነው ይላል እንጂ አልቆረጠም፤ ቦታውም የመን ነው። ስሙ በመንገድ ተጨመረ፤ ግመሎቹ በመንገድ ቀሩ፤ ፍየሎቹ ባሕር ተሻግረው ወደ እኛ መጡ። ማንም «ምንጭህን ጥቀስ» አላለም።

ፍየሎቹ ከመጡ በኋላ ደግሞ የት ሰፈሩ የሚለው ጠብ አላባራም። የጎማ ወረዳ ሰዎች «የእኛዋ ጮጬ ናት» ይላሉ፤ የካፋዎቹ «ስሙ ራሱ እየጠራን ምን ያጨቃጭቃል?» ይላሉ። አንድ ሰው ስለ ቡና ምንም ይለጥፍ፣ ከሥሩ ያለው አስተያየት ወደዚህ መዞሩ አይቀርም። ጓሮው ውስጥ የሚፈላውን ሳይጠጣ፣ የት እንደበቀለ ሲሟገት የሚያድር ሰው አውቃለሁ። የተቃራኒው ወገን ተሟጋችም ያደረው እንዲሁ ነው። ሁለቱም ቡናቸው ቀዝቅዟል፤ የጠቀማቸው ቢኖር ክርክሩ መሀል ማስታወቂያ የሰገሰገው ኩባንያ ነው።

መንግሥትም የተከታይ ቁጥር ማዕረግ መሆኑን ተረድቷል። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185፣ ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው ሲቀጣ፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት የተሰራጨ እንደሆነ ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያደርሰዋል። ድሮ ቅጣት የሚከብደው በሹመት ነበር፤ ዛሬ በተከታይ ነው። የእኛ ሰፈር ሰው ይህን ሲሰማ የፈራ ይመስላችኋል? አንዱ «እኔ 4,900 ላይ ነኝ፤ መቶ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ» ብሎ ግሩፑን ለመነ።

እንግዲህ ጥፋቱ የስልኩ ነው ብዬ ልደመድም አይደለም። ወሬ የነበረን ነው፤ ጥሪ የነበረን ነው፤ ድለላ የነበረን ነው፤ አዋጅ ነጋሪ ነጋሪቱን እየመታ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ሲል የኖረበት አገር ሼር ማድረግን ከሌላ አልተማረም። የጠፋብን ሌላ ነገር ነው፤ ጊዜው። ቡና ላይ ወሬ የሚያመጣ ሰው ወሬውን አቦል ላይ ይጥላል። ጎረቤት ይሰማና ቶና ሲቀዳ «ማን ነገረህ?» ይለዋል። በረካ ላይ የወሬው ባለቤት ይታወቃል፤ ወይም ባለቤት እንደሌለው ይታወቃል። ዋሾው ደግሞ ተነስቶ መሄድ አይችልም፤ በረካን ሳይጠጡ መውጣት ነውር ነው። ቀጥፎም ከሆነ ነገም እዚያው በርጩማ ላይ ሊቀመጥ ነው። ሦስቱ ሲኒ ለጣዕም ብቻ አልተሠራም፤ ወሬን ለመመርመርም ያገለግላል። ስልኩ ላይ ያለው አቦል ብቻ ነው። ሰምተን ሳንጨርስ እንልካለን፤ ማሩን ሳንቀምስ እንከፍላለን፤ ማን ነገረን የምንለውም ብሩ ከቴሌብራችን ከወጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ስልክዎን ይጣሉ አልልዎትም፤ እኔም አልጣልኩትም። ልመናዬ ትንሽ ነው። የሚያስቆጣ ነገር ሲደርስዎ፣ «ዛሬ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣልዎ፣ ለሌላ ሳያስተላልፉና ሳይከፍሉ እስከ በረካ ይቆዩ። ጎረቤትዎን ይጥሩና ያሳዩት፤ በዚያውም ኩርፊያው ይቀርለታል። ዋጋ ሲጠይቁም በውስጥ መስመር አይጠይቁ፤ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይጠይቁ። ዋጋውን በአደባባይ መናገር የሚፈራ ሻጭ፣ ዕቃውንም በአደባባይ ማሳየት ይፈራል።